ከሉ ለማን ነበር?

ባለፈው እሁድ ወንድሜ በጉባኤ ፊት እንዳላየ አለፈኝ። ዓይኑ ደክሞ አይደለም፤ ከመድረኩ ላይ ሆኖ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ ሰው ለይቶ ይገሥጻል። እኔ ግን ከአፍንጫው ሥር ተቀምጬ ክንዴ እስኪዝል እጄን ባነሳ፣ ግድግዳ እንዳየ ሰው ዓይኑን አሻግሮ ሄደ።

እጄን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ምርጫ ደርሷል፤ ወጣቶቹ «ክርስቲያን ይምረጥ ወይስ ይተው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ «አባቶቻችን መልሰውታል» አለ። «በዚያ በትልቁ ምርጫ ጊዜ በዚህ ቤት አንድም በምርጫ ቀለም የተነካ ጣት አልታየም። እኔ ያኔ ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርኩ። ግን የዚያ ንጹሕ ቤት ልጅ ነኝ።» ሰዉ አሜን አለ። ጥያቄውን ያልሰሙት እንኳ አሜን አሉ።

ስንወጣ በር ላይ ያዝኩት።

«ማሙሽ፣ ያልከው ነገር እንዲያ አልነበረም።»

ማሙሽ ማለቴን አይወድም። የልጅ ልጆች አሉት፣ ሽበቱ ከእኔ ይብሳል፣ ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ።»

«አንተስ? ጎልማሳ ነበርክ?»

«እኔ ከሽማግሌያችን፣ ከአናጢው ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። ደግሞ እርጅናም አለ። ነገር ይደባለቃል።»

ነገር ይደባለቃል አለኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ስትደባልቅ የኖረችውን ሴትዮ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁትም ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። ግን ማን፣ መቼ፣ የት እንደነበረ አይጠፋኝም። እሱ የማያስታውሰውን እኔ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት፤ መነጽሩን ያድርግና ያንብብ።

ቤታችን ማቅለሚያ ቤት ነበር። ከጓሮ ቆርቆሮ የተከደነ ዳስ አለ፤ በዳሱ ውስጥ ሦስት ጎላ፤ የቢጫው፣ የሰማያዊውና የጥቁሩ። ሸማኔዎች ክር ያመጣሉ፣ እማዬና አክስቴ ይነክራሉ፣ እኔ እንጨት አቀብላለሁ፣ የተነከረውን ገመድ ላይ አሰጣለሁ። የእማዬ እጅ የሳምንቱን ሥራ ይናገር ነበር፤ ቢጫ ሳምንት አለ፣ ሰማያዊ ሳምንት አለ። ሁለቱ ጎላዎች እሳት ተለይቷቸው አያውቅም። ጥቁሩ ግን የሚጣደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሐዘንተኛው ልብሱን በጉያው ይዞ ይመጣል፣ እማዬ ከል ትነክርለታለች። በሌላ ጊዜ በጥቁር አንሠራም። «ጥቁር ያለ ሐዘን ከተጣደ ሐዘን ይጠራል» ትል ነበር አክስቴ።

ስለዚህ እኔ ለቅሶ ከመሰማቱ በፊት ሞት አውቅ ነበር። ከጥቁሩ ጎላ ሥር ጭስ ሲወጣ ካየሁ «ዛሬ ማን ሞተ?» እላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በቀር።

የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። የጸሎት ቤቱን ወንበር፣ የሰፈሩን በርና መስኮት፣ የሟቹን ሁሉ የሬሳ ሣጥን የሠሩ እሳቸው ናቸው። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ከአንጓው ላይ ጎዶሎ ናት። ምርጫው ሲቃረብ በየሳምንቱ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ሆነ። «እኛ ንጉሣችንን መርጠን ጨርሰናል» ይላሉ። «መንግሥታችን በላይ ነው። ሁለት ሰልፍ ላይ ልቁም የሚል እግር ይሰነጠቃል።» ከዚያ ያቺን ጎዶሎ ጣት ወደ ጣሪያው ቀስረው «ጣት ከሚያስኮንን ጣት ቢጎድል ይሻላል» ይላሉ።

እኔ ምን ልረዳ? አናጢ ናቸው፣ መጋዝ አላቸው፣ ጣታቸው ጎዶሎ ነው። ነገሩን ገጣጠምኩት። በወጣትነታቸው አንዴ መርጠው፣ ተጸጽተው፣ ቀለም የነካውን ጣት በገዛ መጋዛቸው ቆርጠው የጣሉት መሰለኝ። አሁን ደግሞ የሌላው ተራ ነው። ጣታቸውን የበላው የእንጨት መላጊያ መሆኑን የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ለባሌ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ለአናጢው መልስ የምትሰጥ አክስቴ ብቻ ነበረች። በዚያ ዓመት የሰፈራችን አዋላጅ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድራ ነበር። የታችኛው ሰፈር ልጅ ሁሉ በእጇ የወጣ ነው፤ እኔንም ወንድሜንም የተቀበለችን እሷ ናት። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በታችኛው ሰፈር ማዋለጃ ክፍል ይከፈት። እስከዚያ ድረስ ምጥ የያዛት ሴት ዳገቱን በቃሬዛ ወጥታ ነበር ሐኪም ቤት የምትደርሰው። የአክስቴ ልጅ አልደረሰችም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ከዳቦ መጋገሪያው ፊት ለፊት፣ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡት።

«መንግሥታችን በላይ ነው፣ እውነት ነው» አለቻቸው አንድ እሁድ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ። «ማህፀናችን ግን እዚህ ታች ነው።»

«ሐዘንሽን አውቃለሁ፣ እህቴ። ሣጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ የሌላዋን መሥራት ለምን ይፈልጋሉ?»

አናጢው ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ቀጥለው ያሉትን ያኔ አልተረዳሁትም፣ ቃሉን ግን ያዝኩት። «በተወለድኩበት መንደር ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ጓደኞቼ። ከአንድ ቤት ወጥተው ለሁለት ሰው መረጡ። የሁለቱንም ሣጥን በአንድ ቀን ሠራሁ። ያ ነገር የዚህን ቤት ደፍ እንዲረግጥ አልፈልግም።»

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማን ወደ ቤት ሄደች።

ደንቡ ከዚያ ወጣ። በምርጫው ዕለት ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ጸሎት ቤት ይጾማሉ፣ ሴቶቹ በየቤታቸው። በሚቀጥለው እሁድ ሁሉም ለዝማሬ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ አናጢው በወንበሮቹ መሐል እየዞሩ ያያሉ። የምርጫ ቀለም የተገኘበት ይታገዳል። የታገደ ሰው ከማኅበሩ ሰው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም፤ ሴት ብትሆን ከገዛ ባሏ ጋር እንኳ። አባዬ ደግሞ የመዝሙር መሪ ነው፤ እጁን መጀመሪያ የሚያነሳ፣ የእማዬን እጅ መጀመሪያ የሚያይ እሱ ነው። የመታገድን ነገር እኔ አልገባኝም። እኔ የማውቀው መጋዙን ነው።

የምርጫው ዕለት አባዬ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለ።

«አደራ» አላት እማዬን።

«የምኑን?»

«የጾሙን።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ያኔ ስለ ምሳ የሚነጋገሩ መሰለኝ፤ እኔም ርቦኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ረፋድ ላይ እማዬ ማሙሽን አዝላ «ለሸማኔው ክር አድርሼ መጣሁ» አለች። ክሩ ግን ገመዱ ላይ እንደተሰጣ ነው።

«እማዬ፣ ክሩን ረሳሽው።»

«እንዳልረሳው ነው ቀድሜ የምሄደው» ብላኝ ወጣች። መልሱን አላምጬ ሳልጨርስ ከዓይኔ ራቀች።

ስትመለስ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምን ሆንሽ ብላት ቢላ ቆረጠኝ አለች። ሸማኔ ቤት ቢላ ምን ይሠራል ልል ስል ማሙሽ ከጀርባዋ ላይ እጁን ዘረጋልኝ። እስከ አንጓው ድረስ ሐምራዊ ነው።

ይህን ኋላ እማዬ ራሷ ነገረችኝ። ማሙሽ ያገኘውን ሁሉ የሚጨብጥ ልጅ ነበር፤ ጆሮ፣ ጢም፣ የሰው ማንኪያ። እማዬ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ጣቷን ልታስነካ ጎንበስ ስትል እሱ ከትከሻዋ በላይ እጁን ሰድዶ የቀለሙን ብልቃጥ ከነአፉ ያዘው። ቀለሙ እጁ ላይ ፈሰሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የምርጫ ሠራተኛዋ «ይሄኛው እንኳ ዕድሜው አልደረሰም» አለች፣ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም።

ያኔ ግን እኔ ያየሁት ሐምራዊ እጅ፣ የታየኝም መጋዝ ነው። ከእማዬ አንድ ጣት፣ ከማሙሽ ግን ሙሉ እጅ ሊሄድ ነው።

እማዬ በሳሙና ፈተገችው፣ በአመድ ፈተገችው፣ በሎሚ፣ በነጭ ጋዝ። ልጁ ጮኸ፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ግንባሯን በክንዷ ጠርጋ፣ እንደ መናደድም እንደ ማድነቅም ብላ፣ «ሙያተኛ ነው የሠራው» አለች።

ከዚያ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። አክስቴ መጣች፣ ጣቷ ተጠቅልሏል። ልብስ ሰፊዋ መጣች፣ የእሷም ተጠቅልሏል። ሌሎችም የማኅበሩ ሴቶች በጓሮ በር አንድ በአንድ ሾለኩ። የሰፈሩ ቢላ ሁሉ ተማክሮ በአንድ ቀን የሴት ጣት የቆረጠ መሰለኝ። ከሁሉም ኋላ የአናጢው ሚስት መጡ፤ እሳቸው እንኳ ጣታቸውን የጠቀለሉት በጥልፍ መሐረብ ነው።

«ጥቁሩን ጣጂው» አለች አክስቴ።

«ያለ ሬሳ?» አለች እማዬ።

«ያለ ሬሳ።»

«ሐዘን ይጠራል ስትዪ አልነበር?»

«እሁድ ሊመጣ ካለው የባሰ ምን ይጠራል?»

ይህን እንኳ አልሰማሁም፤ አክስቴ ናት ያወራችኝ። እኔን «ሂጂ ተጫወቺ» ብለው አስወጥተውኝ ነበር። ሂጂ ተጫወቺ ማለት ደግሞ ከዳሱ ጀርባ ዞረሽ ስሚ ማለት ነው። ቆርቆሮው ላይ ምስማር የወለቀበት ቀዳዳ አለ፤ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጭሱ ሸተተኝ፣ የኮምጣጤና የዝገት ውኃ ሽታ መጣ። የጥቁሩ ሽታ ነው። ማን ሞተ ብዬ ሳስብ ልብስ ሰፊዋ ተናገረች።

«ማንን እንግደል?»



«ሽማግሌ ይሁን» አለች እማዬ። «ሞተ ቢባል ሰው የማይደነግጥበት።»

«የሩቅ አጎት አለሽ አይደል?»

«እሱንማ ባለፈው ዓመት ገደልኩት፣ ያ ሠርግ ላለመሄድ።»

«በሉ የእኔን አጎት ግደሉት፣ ለምንም አይሆንም» አለች አንዷ፤ ሁሉም በአፍንጫቸው ሳቁ።

«አናጢውስ?» አለች አክስቴ።

 ከዚያ የገዛ ሚስታቸው ድምፅ መጣ።

«እሱን ለእኔ ተዉት።»

ሌላ ልጅ ብትሆን ምን ትረዳ ነበር? ሴቶቹ ምን እያሉ እንደነበር ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው። ቀለም የነካ ጣታቸውን በጥቁር ሊሸፍኑ፣ እሁድ ሲጠየቁ «ከል ስንነክር ዋልን» ሊሉ ነው፤ ለከል ሟች ያስፈልጋል፣ ሟቹን እየመረጡ ነበር። እኔ ግን ጥቁሩ ጎላ ያለ ሬሳ እንደማይጣድ አውቃለሁ። ከተጣደ አልቋል። አናጢው ሞተዋል፤ ሚስታቸው ገድለዋቸዋል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። መጋዙ ባለቤት አጣ። የእማዬ ጣት ተረፈ፣ የማሙሽም እጅ ተረፈ። ቀጥሎ ግን ከእንጨት ቁራጭ ጠርበው የሠሩልኝ አሻንጉሊት ትዝ አለኝ። ግማሽ ፊቴ እየሳቀ ግማሹ እያለቀሰ ለአባዬ ልነግር ወደ ጸሎት ቤት ሮጥኩ።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ተከፈተ። የከፈቱት አናጢው ናቸው።

ከእግር እስከ ራሳቸው አየኋቸው። ጢማቸው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። በሁለት እግራቸው ቆመዋል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባባ፣ ሞተዋል።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

ከኋላቸው ጸሎቱ ቀጥ አለ። አናጢው፣ ነገሩ ማጣራት የሚያስፈልገው ይመስል፣ ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ጥቁሩ ጎላ ተጥዷል። ባለቤትዎም እዚያ ናቸው። እሱን ለእኔ ተዉት ብለዋል።»

አባዬ ሰዎቹን እየገፋ መጣ። ፊቱ አመድ ሆኗል። «ነይ፣ እኔና አንቺ ወደ ቤት» ብሎ እጄን ያዘኝ።

«ሁላችንም እንሂድ እንጂ» አሉ አናጢው። «ለቅሶው የእኔ ከሆነ መቅረት አይገባኝም።»

ወንዶቹ ሁሉ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ተከታትለው ቁልቁል ወረዱ። እኔ ከፊት ነኝ። ውኃ የምትቀዳ አንዲት ሴት «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ፤ «እሳቸው» ብዬ በጣቴ አሳየኋት። ሴትዮዋ ባልዲዋን ለቀቀች።

ዳሱ ውስጥ ስንገባ ሴቶቹ ጎላውን ከበው ቆመዋል። እማዬ እሳቱን አውጥታ ቀለሙን ለብ አድርጋዋለች። ሁሉም እጃቸው እስከ አንጓው ውስጥ ነው፤ ለማውጣትም ጊዜ አላገኙም። የአናጢው ሚስት ባላቸውን ቀና ብለው አዩ።

«መጣህ?»

«ሞቼ ነው አሉ።»

«ገና ነህ።»

አናጢው ወደ ጎላው ቀረቡ። «ከሉ ለማን ነው?» አሉ።

«ለአጎቷ» አለች እማዬ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያየች። ልብስ ሰፊዋም በዚያው ትንፋሽ «ለአጎቷ» አለች ወደ እማዬ እያየች።

«ሁለት አጎት በአንድ ቀን» አሉ አናጢው። ጎንበስ ብለው ጎላውን ተመለከቱ። «የሚነከረው ልብስስ የታለ?»

ጎላው ውስጥ አንድ ክር እንኳ አልነበረም። ሟች ሲመርጡ ቆይተው ልብስ መጨመር ረስተዋል፤ የማቅለሚያ ቤት ሴቶች፣ ከእጅ በቀር ምንም የሌለበት ጎላ ጥደው።

አክስቴ ምን ልትል አፏን እንደከፈተች አላውቅም፤ አልደረሰላትም። ማሙሽ ከእማዬ ጀርባ ላይ ነቃ። ጢም አየ። እጁን ሰድዶ የአናጢውን ጢም ጨምድዶ ያዘ።

በዚያ ዳስ ውስጥ ሐምራዊ የሆነ ነገር ያቺ እጅ ብቻ ነበረች። አናጢው ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጢማቸው ላይ አላቀቁ፣ ትንሿን መዳፍ በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው አዩ። «ይሄስ?» አሉ።  እማዬ ወደ እሳቸው አላየችም፤ ወደ አባዬ ነው የምታየው። አባዬ ደግሞ ማሙሽን ያያል።

ያኔ እኔ አልቻልኩም። የአናጢውን ኮት ይዤ ጎተትኩ።

«አባባ፣ እሱን አይቁረጡት። እሱ አልመረጠም። ታዝሎ ነው።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ የሚደበቅ ነገር አልተረፈም።

«ምኑን ነው የምቆርጠው?» አሉ አናጢው።

«እጁን። በመጋዙ። እንደ እርስዎ ጣት።»

ጎዶሎዋን ጣታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ጣታቸውን አዩ። ሄደው እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን የቀየረው ቁጣ መስሎኝ ወደ አባዬ እግር ተጠጋሁ። አሁን እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ያ ፊት የቁጣ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ልጅ ከትምህርታቸው ሁሉ የያዘችው መጋዙን ብቻ መሆኑን የሰሙ ሰው ፊት ነበር።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አባዬ ነው። መጥቶ ማሙሽን ከእማዬ ጀርባ ፈታው። ክርኑን ጎላው ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን ለካ። የልጁን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበና ያቺን ሐምራዊ እጅ በጥቁሩ ውስጥ አጠለቃት፤ የራሱም እጅ አብሮ ገባ። ማሙሽ ውኃ መስሎት ተንቦጫረቀ፤ አባዬ ፊት ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ፈነጠቀበት። እማዬ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ አባዬ በጥቁር እጁ ትከሻዋን ያዘ። የዚያ እጅ አሻራ ያለበት ነጠላ እኔ ሣጥን ውስጥ አለ። ወንድሜ ማየት ከፈለገ ያውቃል የት እንዳለሁ።

አናጢው ከእንጨቱ ላይ ተነሱ። ኮታቸውን አውልቀው የክር ገመዱ ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፣ ያቺን ጎዶሎ ጣት ከእህቶቿ ጋር ጎላው ውስጥ አስገቡ።

«ከሉ ለእኔ ነው ተብሏል» አሉ። «ለራሴ ካላለቀስኩ ማን ያለቅስልኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አሉ ሚስታቸው።

«አንቺማ ገዳዬ ነሽ።»

አንዱ ወንድ በአፍንጫው ፍርጥ አለ። ከዚያ ሌላው። የጾመ ሰው ሲስቅ ሆዱ አብሮ ይጮሃል፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። እየሳቁ፣ አንዳንዱም እያጉረመረመ፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ወደ ጎላው ቀረቡ።

እሁድ አባዬ መዝሙሩን አነሳ፣ እጁን ቀድሞ አነሳ። ማኅበሩ ሁሉ እስከ አንጓው ጥቁር እጅ ወደ ጣሪያው ዘረጋ። አናጢው ቃላቸውን አላጠፉም፤ የራሳቸውን እጅ ወደ ኋላ አጣምረው በወንበሮቹ መሐል ዞሩ፣ እያንዳንዱን ጣት አዩ። መድረኩ ላይ ተመልሰው «የተነካ ጣት አልታየም» አሉ። አልዋሹም። የሚታይ ጣት አልነበረም።

ወንድሜ ከአፋቸው ሰማሁ የሚለው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። ጎላውን ትቶ ቃሉን ብቻ ወረሰ።

አናጢው ከዚያ በኋላም አልመረጡም፤ እስኪሞቱ ድረስ አልመረጡም። ሚስታቸውም ከዚያ በኋላ አንድ ምርጫ አላመለጣቸውም። በየጊዜው ይከራከሩ ነበር፣ ቡና ሳይሆን ነገር እየጠጡ። ካገባሁ በኋላ ሚስታቸውን ጠየቅኋቸው፤ አናጢው ያን ቀን ለምን እንዲያ አደረጉ ብዬ። ወደ ቤት ሲሄዱ ባላቸው ያሉትን ነገሩኝ። «ትክክል ነሽ አላልኩሽም» ብለዋቸዋል። «ሁለቱን ሣጥን ያሠራኝ ምርጫው ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ አንዱ በአንዱ ላይ በር መዝጋቱ ነው። እሁድ እኔም በገዛ እጄ ልዘጋው ነበር።»

አዋላጇ በዚያ ዓመት ተሸነፈች፤ በጥቂትም አይደለም። በሚቀጥለው አሸነፈች። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እሷ ባስከፈተችው ክፍል ነው፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ አክስቴ ባልዲ ይዛ ከአልጋዬ አጠገብ ቆማ «ይፍሰስ» ትል ነበር፣ «ይፍሰስ፣ ዳገት ላይ ጣሪያም የለ።» እማዬም ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ጥቁሩን ትጥዳለች። መራጭም ያልመረጠም መጥቶ እጁን ነክሮ ይሄዳል። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

እንግዲህ ማሙሽ፣ መነጽርህን ሳታወልቅ ይህን አንብብ። በትልቁ ምርጫ ጊዜ ከማኅበራችን ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ዓይናቸው እያየ፣ ቀለም የተገኘበት እጅ አንድ ብቻ ነው። ያንተ ነው። የንጹሕ ቤት ልጅ ነኝ ያልከው ውሸት አይደለም፤ ቤቱ ንጹሕ የሆነው ግን አንተን ሲሸፍን እጁን ስላጠቆረ ነው።

ምረጥ አልልህም። ልብህ ካልፈቀደ አትምረጥ፤ አናጢውም አልመረጡም፣ ከእሳቸው የሚበልጥ አማኝ አላየሁም። ግን ለእነዚያ ወጣቶች መጋዙን ብቻ አታስይዛቸው።

በምርጫው ዕለት ጠዋት ደጄ ና። ምርጫ ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፤ ጉልበቴ አይችለውም፣ ክንድህን ትሰጠኛለህ። ሰው ሁሉ እያየህ ከጎኔ ትሰለፋለህ፣ ተራዬ እስኪደርስ ትቆማለህ። እዚያ ሰልፍ ላይ መጀመሪያህ አይደለም፤ ያኔ ታዝለህ ነበር፣ አሁን በእግርህ ቁም። ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ደግሞ እጅህን ኪስህ ክተት፤ ብልቃጡን እንዳትነካ።